ቀዳዳማ ባዮአክቲቭ ግላስ ሰርቶ መድሃኒት መጫን፦ የት የት ላይ እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚስተካከል

ባዮአክቲቭ ግላስ ማለት የሰውነት ፈሳሽ ሲያገኘው ላዩ ላይ የአጥንት ማዕድን የሚያበቅል ግላስ ነው። ይሄን የጻፍኩት የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች እዚህ ስራ ላይ እየደጋገሙ ሲወድቁ ስለማይ ነው። ፔፐሮቹ ላይ አሰራሩ አራት መስመር ብቻ ነው፣ ቀላቀልን አደረቅን 700 ዲግሪ ላይ አቃጠልን ይሉና ወደ ውጤቱ ያልፋሉ። ተማሪው ያንን ይዞ ላብራቶሪ ይገባል፣ ከዛ ወይ ግራጫ ፓውደር ይወጣለታል፣ ወይ ስካፎልዱ (የአጥንት ሴል የሚያድግበት ቀዳዳማ ቁራጭ) በጁ ላይ ይፈርሳል፣ ወይ ደግሞ ጭኜዋለሁ ያለው መድሃኒት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ኬሚስትሪው ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ ያለው ማድረቁ ላይና ማቃጠሉ ላይ ነው፣ ከዛም በላይ ደግሞ ቀዳዳው ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጡ መድሃኒት መጫን ነው። ስለዚህ ከታች እያንዳንዱ ደረጃ መጨረሻ ላይ ያለውን ቼክ ሳታልፉ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

የምንሰራው 80-15-5 የሚባለውን ነው፣ ማለትም በሞል 80 ሲሊካ፣ 15 ካልሲየም ኦክሳይድ፣ 5 ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ። ሁለት አይነት ቀዳዳ እንፈልጋለን። አንደኛው ወደ 5 ናኖሜትር የሚሆነው ትንሹ ቀዳዳ ነው፣ መድሃኒቱ የሚገባው እዛ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ከ100 ማይክሮን በላይ፣ ቢቻል ከ300 እስከ 500 ማይክሮን የሆነው ትልቁ ነው፣ የአጥንት ሴልና የደም ስር የሚገቡበት። ፓውደር ብቻ የምትሰሩ ከሆነ ትንሹ ይበቃችኋል፣ ደረጃ 4ን ዝለሉት።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል፣ ይሄ የላብራቶሪ መመሪያ ነው። በዚህ የሰራችሁትን ለሰውም ሆነ ለእንስሳ አካል ውስጥ አታስገቡ፣ ያ የራሱ የጥራት ቁጥጥርና የኤቲክስ ፈቃድ ያለው ሌላ ስራ ነው።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

የሚያስፈልጉት፦

- ፒ123 የሚባለው ፖሊመር፣ 4.0 ግራም
- ንጹህ ኢታኖል፣ 60 ግራም
- 0.5 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 1.0 ግራም
- ቴኦስ (የሲሊካው ምንጭ የሆነው ፈሳሽ)፣ 6.7 ግራም
- ትራይኤቲል ፎስፌት (የፎስፈረሱ ምንጭ)፣ 0.73 ግራም
- ካልሲየም ናይትሬት ቴትራሃይድሬት፣ 1.4 ግራም

ኢታኖሉ ፍጹም ንጹህ የሚባለው መሆን አለበት። ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው 70 ፐርሰንት አልኮል አይሆንም፣ ቀለም ወይ ሌላ ነገር የተጨመረበትም አይሆንም። በዚህ ሶሉሽን ውስጥ ውሃው የተለካ ነው፣ ከአሲዱ ጋር የሚገባው ትንሽ ውሃ ብቻ ነው የሚፈለገው፣ እናንተ ሳታውቁት በኢታኖል በኩል 18 ግራም ውሃ ካስገባችሁ ሌላ ነገር ነው የምትሰሩት።

ካልሲየም ናይትሬቱን ጠርሙሱን ከፍታችሁ እዩት። የረጠበ፣ የተጣበቀ፣ ግድግዳው ላይ ውሃ ያለው ከሆነ አትመዝኑት፣ ምክንያቱም የመዘናችሁት ግማሽ ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ካልሲየማችሁ ደግሞ ያንሳል። ይሄ በክረምት አዲስ አበባ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። አዲስ ጠርሙስ ስትከፍቱ ወዲያው በትንንሽ ብልቃጥ ከፋፍላችሁ ዲሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ዕቃ) ውስጥ አስቀምጡ።

0.5 ሞላር አሲዱን ለመስራት ከ37 ፐርሰንቱ 4.1 ሚሊ ሊትር ገደማ ወስዳችሁ ወደ ውሃ ጨምሩና 100 ሚሊ ሊትር ሙሉት። አሲዱ ነው ወደ ውሃው የሚገባው፣ ውሃው ወደ አሲዱ አይደለም።

ጓንትና የዓይን መነጽር የግድ ነው። የቴኦስ ትነት ዓይን ይጎዳል፣ ስለዚህ ፊዩም ሁድ (ትነት የሚስብ የላብራቶሪ ሳጥን) ውስጥ ብቻ ክፈቱት። ቴኦስ የምትመዝኑበት ዕቃም ፍጹም ደረቅ ይሁን።

ደረጃ 2፦ ሶሉን (ፈሳሹን ቅልቅል) መቀላቀል

1. ፒ123 ወፍራም ነጭ ቅባት ነገር ስለሆነ በማንኪያ መመዘኑ አስቸጋሪ ነው። ጠርሙሱን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡትና ሲለሰልስ በቀጥታ ወደምትቀላቅሉበት ፍላስክ መዝኑት።
2. ኢታኖሉን ጨምሩና በማግኔቲክ ስተረር አማስሉት፣ ፍጹም ጥርት እስኪል ድረስ። ክር ክር የሚል ነገር ካለ ገና ነው፣ ቆዩ።
3. አሲዱን ጨምሩ።
4. ቴኦሱን በጠብታ በጠብታ ጨምሩና ቢያንስ አንድ ሰዓት አማስሉ። ቴኦስ ቀድሞ ከውሃው ጋር መስራት መጀመር አለበት።
5. ትራይኤቲል ፎስፌቱን ጨምሩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።
6. ካልሲየም ናይትሬቱን ጨምሩ። ኢታኖል ውስጥ በደንብ ይሟሟል።
7. ፍላስኩን በደንብ ክደኑትና በክፍሉ ሙቀት 24 ሰዓት ይማሰል።

ቼክ፦ ፍላስኩን ወደ ብርሃን አንሱትና እዩት፣ እንደ ውሃ ጥርት ያለ መሆን አለበት።

ደፍርሶ ከሆነ፦ ካልሲየሙ ገና አልሟሟም ይሆናል፣ ተጨማሪ ሁለት ሶስት ሰዓት ስጡት። ካልጠራ ግን ውሃ በዝቷል ወይም ኢታኖሉ ንጹህ አይደለም፣ ድፉትና እንደገና ጀምሩ። የደፈረሰውን አጥልዬ እቀጥላለሁ አትበሉ፣ ስታጠሉት የወጣው ነገር ካልሲየም ወይ ሲሊካ ነው፣ ከዛ በኋላ 80-15-5 የሚለውን ስም መጠቀም አትችሉም።

ማታ ከድናችሁት ጠዋት ፍላስኩ ውስጥ ወደ ጄል ተለውጦ ካገኛችሁት ክዳኑ ክፍት ነበር ማለት ነው፣ ኢታኖሉ ተኖ አልቋል።

ደረጃ 3፦ ቀስ ብሎ ማስተን (ለፓውደር)

ቀዳዳው የሚፈጠረው እዚህ ነው። ኢታኖሉ ቀስ እያለ ሲወጣ ፒ123 ራሱን በራሱ ይደረድራል፣ ሲሊካው ደግሞ በዙሪያው ይጠነክራል፣ በኋላ ፒ123 ሲቃጠል እሱ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ኢታኖሉን ካጣደፋችሁት ፒ123 ለመደርደር ጊዜ አያገኝም፣ ቀዳዳው የተዘበራረቀ ይሆናል ወይም ጭራሽ አይኖርም።

ሶሉን ሰፋ ባለ ፔትሪ ዲሽ ላይ በስሱ አፍስሱ፣ ከ3 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይሻላል። ፊዩም ሁድ ውስጥ አስቀምጡት፣ ግን ንፋሱ በቀጥታ እንዳይመታው ወንፊት ወይም ቀዳዳ የበሳችሁበት አልሙኒየም ፎይል አልብሱት። በክፍሉ ሙቀት አንድ ቀን ወይም ከዛ በላይ ይቆይ። መጨረሻ ላይ ከዲሹ በስፓቹላ የሚላቀቅ፣ ጠንከር ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቆዳ ይሆናል።

ቶሎ እንዲደርቅ ብላችሁ ኦቨን ውስጥ አታስገቡት! 60 ግራም ኢታኖል በተራ ኦቨን ውስጥ ሲተን እሳት ሊነሳ ይችላል፣ ይሄ ስለ ቀዳዳው ጥራት ብቻ አይደለም፣ ስለ ህይወታችሁም ነው።

ሊገጥማችሁ የሚችለው፦

ላዩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ክሪስታል ከታየ ካልሲየም ናይትሬቱ ከሲሊካው ተለይቶ እየወጣ ነው። በጣም ፈጥኖ ሲደርቅ ወይም ንፋስ ሲበዛበት ይሄ ይመጣል። ነጠብጣቡ ጥቂት ከሆነና ጄሉ ገና ፈሳሽ ከሆነ ትንሽ ኢታኖል ጠብ አድርጋችሁ አሟሙትና ሸፍናችሁ እንደገና በቀስታ አስተኑት። ከጠነከረ በኋላ ከሆነ ያያችሁት ግን ያ ዲሽ አለቀለት።

ሁለት ቀን አልፎት አሁንም የሚያጣብቅ ከሆነ የክፍሉ እርጥበት ነው፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይሄን ጠብቁ። የኢታኖል ሽታው ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ብቻ 40 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድሩት።

ደረጃ 4፦ ስካፎልድ በስፖንጅ

የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጠው የሚጀምሩ ብዙ ናቸው፣ እዛው ላይ ነው የሚወድቁት። የፍራሽ ስፖንጅ ብዙው ቀዳዳ በስስ ሽፋን የተዘጋ ነው፣ ሶሉ ውስጥ ድረስ አይዘልቅም። የሚያስፈልጋችሁ ለዓሣ ገንዳና ለአየር ፊልተር የሚያገለግለው፣ ቀዳዳው ከቀዳዳው ጋር የተገናኘ ፖሊዩሪቴን ስፖንጅ ነው። በመብራት ስታዩት ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ይሁን።

1. በሹል ምላጭ በ10 ሚሊሜትር ኪዩብ ቁረጡት፣ ሲቃጠል ስለሚኮማተር ከምትፈልጉት መጠን ተለቅ አድርጉት።
2. በኢታኖል እጠቡት፣ አድርቁት።
3. ሶሉ ውስጥ ንከሩት፣ ጨመቅ ለቀቅ እያደረጋችሁ አየሩን አስወጡ፣ 10 ደቂቃ ይቆይ።
4. አውጡትና በደንብ ጭመቁት። በሁሉም ጎኑ ጭመቁ። ከዛ በቀስታ አየር ንፉበት።
5. ወንፊት ላይ አስቀምጡት፣ ፊዩም ሁድ ውስጥ 12 ሰዓት ይድረቅ።
6. ከ3 እስከ 5 ያለውን እስከ አምስት ጊዜ ድገሙ።

አለመጭመቅ ትልቁ ስህተት ነው። ሶሉ እንዳይባክን ብሎ የሚሳሳ ሰው ቀዳዳውን ደፍኖ ግላስ ድንጋይ ያወጣል። ቼኩ ቀላል ነው፣ በእያንዳንዱ ዙር ከጨመቃችሁት በኋላ ወደ መብራት አንሱትና እዩ፣ ብርሃን ካላሳለፈ ተደፍኗል፣ ገና እርጥብ እያለ ኢታኖል ውስጥ ነክራችሁ ጭመቁት። በየዙሩ መካከል ሶሉን ክዳኑን ዝጉ፣ አለበለዚያ እየወፈረ ሄዶ አራተኛው ዙር ላይ ማር ይሆንባችኋል።

ስለ ጥንካሬው እውነቱን ልንገራችሁ። በዚህ መንገድ የሚሰራ ስካፎልድ ተሰባሪ ነው። የውስጠኛው ስፖንጅማ አጥንት ከ2 እስከ 12 ሜጋፓስካል ይሸከማል፣ ይሄኛው ግን ከዛ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፣ በጣት ሲጫኑት ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ሸክም ለሚሸከም አጥንት ነው ብላችሁ ቲሲስ ላይ አትጻፉ። ጥንካሬ የግድ ከፈለጋችሁ ካቃጠላችሁ በኋላ በስሱ ጄላቲን ወይም የሐር ፕሮቲን መቀባት ይቻላል፣ ግን ሽፋኑ ትንንሾቹን ቀዳዳዎች ሊደፍን ስለሚችል የመድሃኒት ስራ ካላችሁ ከቀባችሁ በኋላ እንደገና ቀዳዳውን ለኩ።

ደረጃ 5፦ ማቃጠል

በደቂቃ 1 ዲግሪ፣ እስከ 700፣ እዛ ላይ 5 ሰዓት፣ ከዛ ምድጃው ራሱ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። መውጣቱ ብቻ ከ11 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ከቆይታው ጋር 16 ሰዓት ያልፋል፣ ስለዚህ ጠዋት ጀምሩት።

ለምን 700? ፒ123 ከ200 እስከ 400 ባለው ይቃጠላል፣ ናይትሬቱ ግን እስከ 550 ገደማ ድረስ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ስለዚህ 500 ላይ ያቆመ ሰው ግላስ ውስጥ ናይትሬት አለው፣ ያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል፣ ሴሎችንም ይጎዳል። ወደ 900 የሄደ ሰው ደግሞ ክሪስታል ያገኛል፣ ትንንሾቹ ቀዳዳዎችም ይወድቃሉ። 700 ላይ ቁሙ።

ፓውደሩን በአሉሚና ወይም በፖርሴሊን ዕቃ ላይ በስሱ በትኑት፣ አትከምሩት፣ ክዳንም አታድርጉ። አየር ካላገኘ ካርቦኑ አይወጣም። ቡናማ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝና የስፖንጁ ጭስ ሁለቱም መርዝ ናቸው፣ ምድጃው ጭስ መውጫ ከሌለው ይሄን ስራ እዛ ክፍል ውስጥ አትስሩ።

መብራት ከሄደ፦ ይሄ ፔፐር ላይ የማይጻፍ ነገር ነው፣ እኛ ጋር ግን ያጋጥማል። አስቀድማችሁ የምድጃውን መቆጣጠሪያ እዩት፣ መብራት ሲመለስ በራሱ በሙሉ ኃይል የሚነሳ አይነት ከሆነ ያንን ሴቲንግ አጥፉት፣ አለበለዚያ በደቂቃ 20 ዲግሪ ወጥቶ ሁሉንም ይሰነጣጥቀዋል። መብራት ሲሄድ በሩን አትክፈቱ። ሲመለስ ውስጡ ያለውን ሙቀት አንብቡና ከዛው በደቂቃ 1 ዲግሪ ቀጥሉ። ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ካደረ ናይትሬቱ እርጥበት ስቦ ስለሚሆን መጀመሪያ 120 ላይ ሁለት ሰዓት አቆዩትና ከዛ ውጡ። 700 ላይ እያለ ከሆነ የሄደው፣ ተመልሳችሁ ወጥታችሁ የቀረውን ሰዓት ጨርሱ።

የወጣው ነጭ ከሆነ ጥሩ ነው። ግራጫ ወይም ጥቁር ከሆነ ካርቦን ቀርቷል፣ በአጌት ሙቀጫ ፍጩትና በስሱ በትናችሁ እንደገና 700 ላይ 3 ሰዓት አቃጥሉት። ከዛም ካልነጣ ካርቦኑ በተዘጋ ቀዳዳ ውስጥ ነው፣ ጣሉት። ስካፎልዱ ከተሰነጣጠቀ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ባለው ፈጥናችኋል፣ እዛ መሃል ላይ በደቂቃ ግማሽ ዲግሪ አድርጉት።

ፓውደሩን ፍጩ፣ በ38 ማይክሮን ወንፊት ንፉ፣ ማስክ አድርጉ፣ ወዲያው ዲሲኬተር ውስጥ ክተቱ። ይሄ ግላስ ከአየር ላይ ውሃና ካርቦንዳይኦክሳይድ ይስባል።

ደረጃ 6፦ ቀዳዳው አለ? ባዶ ነው?

- ኤፍቲአይአር (የኢንፍራሬድ ብርሃን ልኬት)፦ 1384 ላይ ሹል ፒክ ካለ ናይትሬት አለ። ከ2850 እስከ 2980 ባለው ፒክ ካለ ፒ123 አልወጣም። ሁለቱም መጥፋት አለባቸው፣ ካልጠፉ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።
- ኤክስአርዲ (ክሪስታል መኖሩን የሚያሳይ የኤክስሬይ ልኬት)፦ ሰፊ ጉብታ ብቻ መታየት አለበት። ሹል ሹል ፒክ ካለ ክሪስታል ሆኗል። 29.4 ዲግሪ ላይ ከሆነ ካልሳይት ነው፣ አየር ላይ ቆይቷል ማለት ነው።
- ናይትሮጅን መምጠጥ፦ ከርቩ አይነት 4 (እንዲህ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ነገር የሚሰጠው ቅርጽ) መሆን አለበት። የገጽ ስፋቱ በግራም ከ300 እስከ 400 ስኩዌር ሜትር አካባቢ፣ ቀዳዳው ወደ 5 ናኖሜትር ይጠበቃል።
- የንጥረ ነገር ልኬት፦ ፎስፈረሱ ካሰባችሁት ያነሰ ሊሆን ይችላል፣ ትራይኤቲል ፎስፌት ከውሃ ጋር በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሰራው። የለካችሁትን ጻፉ፣ ያሰባችሁትን አይደለም።

የናይትሮጅን መሳሪያ አገር ውስጥ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሰው ይሄን ለመጨረሻ ያስቀምጠዋል። እባካችሁ አታድርጉት፣ ወረፋውን ገና ስራውን ስትጀምሩ ያዙ።

ደረጃ 7፦ በኤስቢኤፍ መፈተሽ

ኤስቢኤፍ የደም ፕላዝማን ጨው የሚመስል ፈሳሽ ነው፣ ግላሱ እዛ ውስጥ ላዩ ላይ አፓታይት (የአጥንት ማዕድን) ካበቀለ ባዮአክቲቭ ነው እንላለን። 1 ሊትር ለመስራት 700 ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ በፕላስቲክ ዕቃ 36.5 ዲግሪ ላይ አድርጉና በዚህ ተራ ብቻ ጨምሩ፣ የፊተኛው ሳይሟሟ የኋለኛውን አትጨምሩ፦

1. ሶዲየም ክሎራይድ 8.035 ግራም
2. ሶዲየም ባይካርቦኔት 0.355 ግራም
3. ፖታሲየም ክሎራይድ 0.225 ግራም
4. ዳይፖታሲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት ትራይሃይድሬት 0.231 ግራም
5. ማግኒዚየም ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት 0.311 ግራም
6. 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 39 ሚሊ ሊትር
7. ካልሲየም ክሎራይድ 0.292 ግራም
8. ሶዲየም ሰልፌት 0.072 ግራም
9. ትሪስ 6.118 ግራም፣ በጥቂት በጥቂቱ

ትሪሱን ስትጨምሩ ፒኤቹ ከ7.45 እንዳያልፍ፣ ከተጠጋ አሲድ ጠብ አድርጉና ቀጥሉ። መጨረሻው በ36.5 ዲግሪ 7.40 ይሁን፣ ከዛ 1 ሊትር ሙሉት። የመስታወት ዕቃ አትጠቀሙ፣ ጭረቱ ላይ አፓታይት ይበቅላል። ከደፈረሰ መድፋት ነው፣ ማስተካከያ የለውም። ፍሪጅ ውስጥ ከ30 ቀን በላይ አታቆዩት።

75 ሚሊግራም ፓውደር በ50 ሚሊ ሊትር፣ 37 ዲግሪ፣ እየተንቀጠቀጠ። በ4 ሰዓት፣ በ1፣ በ3 እና በ7 ቀን አውጡ፣ በአሴቶን እጠቡ (ሪአክሽኑን ያቆመዋል)፣ አድርቁ። ኤፍቲአይአር ላይ 565 እና 603 አካባቢ ጥንድ ፒክ፣ ኤክስአርዲ ላይ 26 እና 32 ዲግሪ ከታየ በቅሏል። ምንም ሳይታይ 7 ቀን ካለፈ መጀመሪያ የካልሲየሙን ልኬት እዩ፣ ቀጥሎ ፓውደሩ ለፈሳሹ በዝቶ እንደሆነ።

ደረጃ 8፦ መድሃኒት መጫን

መድሃኒት ስትመርጡ እንዴት እንደምትለኩት አስቡ። ጀንታማይሲን ለአጥንት ኢንፌክሽን ጥሩ ነው፣ ግን በዩቪ (በአልትራቫዮሌት ብርሃን ልኬት) በቀጥታ አይታይም፣ ሌላ ሪኤጀንት ይፈልጋል። ቴትራሳይክሊን ከካልሲየም ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። ቫንኮማይሲን 280 ናኖሜትር ላይ ይታያል፣ ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ ግን ቀዳዳችሁ ጠባብ ከሆነ አይገባም፣ ደረጃ 6ን የዘለለ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው እዚህ ነው።

1. ግላሱን 160 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ላይ 2 ሰዓት አቆዩት። ስቴራይል ያደርገዋል፣ ቀዳዳው ውስጥ የገባውንም ውሃ ያስወጣል። አውቶክሌቭ አታድርጉት፣ እንፋሎቱ ገጽታውን ይለውጠዋል።
2. 100 ሚሊግራም ግላስ በ10 ሚሊ ሊትር፣ በሚሊ ሊትር 2 ሚሊግራም ቫንኮማይሲን ባለው ውሃ ውስጥ ጨምሩ።
3. ጎን ለጎን ሁለት ኮንትሮል አድርጉ፣ አንዱ ግላስ ያለ መድሃኒት፣ አንዱ መድሃኒት ያለ ግላስ። ይሄ የግድ ነው። ግላሱ ውሃ ውስጥ ፒኤች ከፍ ያደርጋል፣ ጥቃቅን ቅንጣትም ይለቃል፣ ሁለቱም የዩቪ ንባባችሁን ያሳስታሉ።
4. ክደኑት፣ ከብርሃን ሸፍኑት፣ 24 ሰዓት በቀስታ ይንቀጥቀጥ። ከዛ በላይ አታቆዩት፣ ግላሱ ራሱ መለወጥ ይጀምራል።
5. በሴንትሪፊውጅ ለዩ፣ ላይ ያለውን ፈሳሽ በ0.22 ማይክሮን ፊልተር አሳልፉ፣ የመጀመሪያውን 1 ሚሊ ሊትር ጣሉት ምክንያቱም ፊልተሩ ራሱ መድሃኒት ይይዛል።
6. ፓውደሩን በጥቂት ውሃ በፍጥነት እጠቡ፣ የማጠቢያውን ውሃ አስቀምጡ።
7. በፍሪዝ ድራየር አድርቁ፣ ከሌለ በቫክዩም 37 ዲግሪ ላይ።

ስሌቱ፦ የገባው 20 ሚሊግራም ነው። ለምሳሌ በፈሳሹ ውስጥ በሚሊ ሊትር 1.4 ቀርቶ ማጠቢያው ውስጥ 1 ሚሊግራም ከተገኘ፣ የተጫነው 20 ሲቀነስ 14 ሲቀነስ 1፣ 5 ሚሊግራም ነው። ማጠቢያውን የረሳ ሰው 6 ብሎ ይጽፋል። ያ 1 ሚሊግራም ላዩ ላይ ብቻ ተለጥፎ የነበረ ነው፣ ሳይታጠብ ቢቀር በመጀመሪያው ሰዓት ይወጣና ትልቅ በርስት (መድሃኒቱ በአንዴ መውጣት) ሆኖ ይታያል።

ውስጥ መግባቱን ለማረጋገጥ የናይትሮጅን ልኬቱን ድገሙ፣ የቀዳዳው መጠን መቀነስ አለበት። ከመለካቱ በፊት ጋዝ ሲወጣለት ግን ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ ለኦፕሬተሩ ንገሩት፣ በተለመደው ሙቀት ካደረገው መድሃኒታችሁ ይበላሻል።

ደረጃ 9፦ መልቀቁን መለካት

መድሃኒት የተጫነውን ግላስ መልቀቂያ ፈሳሽ ውስጥ አድርጉት፣ 37 ዲግሪ፣ በደቂቃ 100 ዙር ይንቀጥቀጥ። በ1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 24 ሰዓት፣ ከዛ በየቀኑ 1 ሚሊ ሊትር ውሰዱና በምትኩ ትኩስ 1 ሚሊ ሊትር መልሱ። ስትደምሩ ቀድማችሁ ያወጣችሁትን መጠን ጨምሩበት፣ ይሄን የሚረሳ ሰው ከርቩ ወደታች ሲወርድበት ግራ ይገባዋል።

ቫንኮማይሲን 37 ዲግሪ ላይ ቀናት ሲቆጠሩ እየተበላሸ ይሄዳል፣ ዩቪው ግን የተበላሸውንም መድሃኒት ነው ብሎ ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው የወሰዳችሁትን ናሙና ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ አድርጋችሁ ባክቴሪያውን መግደሉን እዩ።

ወደ ሴል ሙከራ ስትሄዱ ባዶውን ግላስ በቀጥታ ሴል ላይ አትጨምሩ። መጀመሪያ በሚለቀው ካልሲየም ፒኤቹ ስለሚወጣ ሴሎቹ ይሞታሉ፣ እናንተም ግላሱ መርዝ ነው ብላችሁ ትደመድማላችሁ። በሴል ሚዲያ ውስጥ ከ1 እስከ 3 ቀን ንከሩት፣ በየቀኑ ሚዲያውን ቀይሩ፣ ፒኤቹ ሲረጋ ብቻ ሴሉን ጨምሩ። መድሃኒት የተጫነውን እንዲህ ካጠባችሁት ግን መድሃኒቱ አብሮ ይወጣል፣ ለሱ ፈሳሹን ለብቻ አውጥታችሁ ፒኤቹን ወደ 7.4 ካስተካከላችሁ በኋላ በተለያየ መጠን አቅጥናችሁ ሴሉ ላይ ሞክሩት።